ገመድ የቀረጸው ኮርቻ

የካውቦይ ፊልም ያላየ መምህርም ሆነ ዕጩ መምህር በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ሽጉጡን፣ ባርኔጣውንና የአቧራውን ብዛት ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰውየው የተቀመጠበትን ኮርቻ ግን ልብ ብሎ ያየው ስንቱ ነው? ከኮርቻው ፊት ለፊት እንደ እንጉዳይ ብቅ ያለች አንዲት ጉጥ አለች። ባለሙያዎቹ ቀንድ ይሏታል። «ይህች ምን ትሠራለች?» ተብለው ቢጠየቁ ብዙዎች «ፈረሰኛው እንዳይወድቅ የሚጨብጣት ናት» ብለው ይመልሳሉ።

መልሱ ልክ አይደለም። ቀንዷ የተሠራችው ለሰው እጅ ሳይሆን ለገመድ ነው። ይህን ያወቀ ሰው የኮርቻውን ታሪክ ግማሹን ጨረሰ ማለት ነው። ምክንያቱም የምዕራብ አሜሪካ ኮርቻ ባለፉት አምስት መቶ ዓመታት መልኩን የለዋወጠው በአብዛኛው የገመዱ ጉተታ በተለወጠ ቁጥር ነው። የእጅ ሥራን፣ ታሪክንና ሳይንስን ለማስተማር የምትዘጋጁ ሁሉ አንድ ዕቃ ሦስቱንም ትምህርት እንዴት እንደሚሸከም እንድታዩበት ብለን ይህን ጽሑፍ አቅርበናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

የማይታየው እንጨት

ኮርቻ ሲባል ቶሎ የሚታየን ቆዳው ነው። ዋናው ግን ከቆዳው ሥር የተደበቀው እንጨት ነው። ሁለት ረዘም ያሉ ጣውላዎች ከፈረሱ አከርካሪ ግራና ቀኝ ይጋደማሉ። እነዚህንም ከፊት አንድ ቅስት፣ ከኋላ ደግሞ አንድ መደገፊያ ያያይዟቸዋል። በሁለቱ ጣውላዎች መካከል ክፍት ቦታ ይተዋል፤ የፈረሱ አከርካሪ በዚያ መካከል ነፃ ሆኖ ይቀራል እንጂ ሸክም አይነካውም። የሰውየው ክብደት የሚያርፈው ከአከርካሪው ወዲህና ወዲያ ባለው ሥጋ ላይ ነው። ታዲያ ጣውላው ከጀርባው ቅርጽ ጋር ካልገጠመ፣ ክብደቱ ሁሉ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ይወድቅና ፈረሱ ይገጠባል። ገጣባ ምን እንደሆነ ለገጠር ልጅ አናስረዳም። ቁስሉ ከዳነም በኋላ በቦታው ነጭ ጠጉር ይበቅላል። ፈረስ የሚገዛ ዐዋቂ ሰው ያንን ነጭ ጠጉር አይቶ የቀድሞው ባለቤት ምን ዓይነት ኮርቻ ይጭን እንደነበር ይፈርዳል።

እንጨቱ በምስማር ብቻ አይያያዝም። እርጥብ ጥሬ ቆዳ ያለብሱትና በጠፍር ይሰፉታል። ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ከበሮ የወጠረ ሰው ይህን ኃይል ያውቀዋል። መቸኮል ግን የለም። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ቶሎ እንዲደርቅ ከተደረገ ቆዳው እንጨቱን ያጣምመዋል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል የሚያምር ቆዳ ቢደረብበት ኮርቻው የፈረስ ጠላት ነው።

ከስፔን ወደ ሜክሲኮ

ኤርናን ኮርቴስ በ1519 ሜክሲኮ ሲያርፍ 16 ፈረሶች ይዞ ነበር። ከፈረሶቹ ጋር ሁለት የስፔን የአጋለብ ልማዶች አብረው መጡ። አንደኛው የከባድ ጦረኛ ልማድ ነው፤ ፊቱና ኋላው ከፍ ያለ ኮርቻ፣ እግርን ቀጥ አድርጎ የሚያስዘረጋ ረዥም እርካብ አለው። ሁለተኛው ሂኔታ የሚባለው ሲሆን እርካቡ አጭር፣ ጉልበት የሚታጠፍበት፣ ቶሎ ለመዞር የሚመች ነው። ሂኔታ የሚለው ስም የመጣው ዜናታ ከሚባሉት የሰሜን አፍሪካ በርበር ፈረሰኞች ነው። ስለዚህ በካውቦይ ኮርቻ የዘር ሐረግ ውስጥ አፍሪካም አለችበት ማለት ነው። ሁለቱም ኮርቻዎች ግን ቀንድ አልነበራቸውም። ጦረኛ የከብት ገመድ ምን ያደርግለታል?

ቀንድ ያስፈለገው ከብት ሲበዛ ነው። በሜክሲኮ ሜዳ የተለቀቁት ከብቶች በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ እጅግ ተባዙ። ጠባቂ ግን ጠፋ። በመጀመሪያ ለአገሬው ሕዝብ ፈረስ መጋለብ በስፔኖች ሕግ የተከለከለ ነበር። ይሁንና ባለ ርስቶቹ ያለ ፈረሰኛ እረኛ ከብታቸውን ሊቆጣጠሩ ስላልቻሉ ሕጉ በተግባር እየተሸረሸረ ሄደ። የአገሬው ተወላጆች፣ በባርነት የመጡ አፍሪካውያንና ክልሶች ባኬሮ ሆኑ። ባኬሮ በስፔንኛ ከላም ስም የወጣ ቃል ሲሆን ላም ጠባቂ እንደ ማለት ነው። የካውቦይ አባት ይህ ሰው ነው፤ ፊልሙ ብዙ ጊዜ ባያሳየንም።

እነዚህ እረኞች የሸምቀቆ ገመድ መወርወርን ተካኑበት። መወርወሩስ እሺ፣ የተያዘውን ወይፈን ማን ያቁመው? የሰው ክንድ አይችለውም። መጀመሪያ የገመዱን ጫፍ ከፈረሱ ጭራ ወይም ከኮርቻው የሆድ ማሰሪያ ጋር ያስሩ ነበር። ጭራው ላይ ሲታሰር ፈረሱ የሚያየውን ስቃይ መገመት ነው። ቀስ በቀስ የኮርቻውን የፊት ቅስት ወደ ላይ ከፍ አድርገው፣ ራሱን ሰፋ አድርገው ጠረቡና የገመድ መጠምጠሚያ አደረጉት። ቀንድ እንዲህ ተወለደ። የአንድ ፈልሳፊ ስም የለበትም፤ የብዙ እረኞች የእጅ ሥራ ነው።

የሜክሲኮው ኮርቻ ራቁቱን ነበር ለማለት ይቻላል፤ ጥሬ ቆዳ የለበሰ እንጨት ብቻ ነው። ለምቾት ሲባል ሞቺላ የሚባል ሰፊ ቆዳ ከላዩ ይጣልበታል። ቆዳው ቀንዱና የኋላው መደገፊያ የሚወጡበት ቀዳዳ አለው። ይህ ተነቃይ ቆዳ በ1860 ፖኒ ኤክስፕረስ የተባለው የፈረስ ፖስታ ሲቋቋም ጉድ ሠራ። በሞቺላው ላይ አራት የደብዳቤ ኪስ ተሰፋበት። መልእክተኛው ፈረስ ሲለውጥ ኮርቻ መፍታት ሳያስፈልገው ሞቺላውን ብቻ መንጭቆ በተዘጋጀው ፈረስ ኮርቻ ላይ ይጥልና ይፈተለካል። ድርጅቱ እስከ 1861 ድረስ አንድ ዓመት ተመንፈቅ ብቻ ኖሮ የቴሌግራፍ ሽቦ ሲዘረጋ ተዘጋ።

ሁለት ዓይነት ገመድ

ቴክሳስ በ1845፣ ካሊፎርኒያ በ1848 ወደ አሜሪካ ሲተላለፉ ሁለቱም ኮርቻቸውን ከባኬሮው ወርሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ተለያየ። ለምን ቢሉ፣ ገመዳቸው ተለያየ።

የካሊፎርኒያው እረኛ ገመድ ሬያታ ይባላል። ከጥሬ ቆዳ የተጎነጎነ ነው፤ የእኛን መጫኛ አስቡ። ርዝመቱ ከ18 እስከ 24 ሜትር ይደርሳል። ሲወረወር ያምራል፣ ድንገት ሲመነጨቅ ግን ይበጠሳል። ስለዚህ እረኛው ጫፉን ከቀንዱ ጋር አያስረውም። ከብቱ ከገባለት በኋላ ገመዱን በቀንዱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠመጥምና እያላላ ይለቀዋል። ገመዱ ቀንዱን እየፋተገ ይንሸራተታል፤ ከብቱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ እያለ ይቆማል። ይህን አሠራር «ዙር ስጥ» ከሚለው የስፔንኛ አነጋገር አንሥተው አሜሪካኖቹ ዳሊ አሉት። አደጋም አለበት። ገመዱና ቀንዱ መካከል አውራ ጣቱን ያገባ ሰው ጣቱን እዚያው ትቶ ይመለሳል። ይህ ተረት አይደለም፤ በዚህ ሥራ አውራ ጣታቸውን ያጡ ሰዎች ዛሬም አሉ።

የቴክሳሱ እረኛ ደግሞ የሚሠራው በእሾሃም ቁጥቋጦ መካከል ነው። ረዥም ገመድ የሚያሽከረክርበት ቦታ የለውም። ከ9 እስከ 11 ሜትር የሚሆን ጠንካራ የቃጫ ገመድ ይይዝና ጫፉን አስቀድሞ ከቀንዱ ጋር ግጥም አድርጎ ያስራል። ከብቱ ከተያዘ ተያዘ ነው፤ ወደ ቁጥቋጦው ገብቶ አያመልጥም። ነገር ግን የበሬው ኃይል ሁሉ በአንድ ቅጽበት ኮርቻው ላይ ያርፋል። ይህ ኃይል ኮርቻውን ምን ያደርገዋል?

ለዚህ የሚሆን የትምህርት መርጃ መሣሪያ በክፍል ውስጥ ከሚገኝ ነገር መሥራት ይቻላል። አንድ ባዶ የጠመኔ ሣጥንና ተጠቅልሎ የታሰረ ብርድ ልብስ ይበቃል። ብርድ ልብሱ ፈረስ፣ ሣጥኑ ኮርቻ ነው። በሣጥኑ የፊት ጫፍ ላይ አንድ ምስማር አቁሙ፤ ይህ ቀንዱ ነው። ሣጥኑን በፊት ጫፉ በኩል ብቻ በአንድ ማሰሪያ ከብርድ ልብሱ ጋር እሰሩና፣ በምስማሩ ላይ ያሰራችሁትን ሲባጎ ወደ ፊትና ወደ ታች ሳቡ። የሣጥኑ ኋላ ብድግ ይላል። እውነተኛው ኮርቻ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ከኋላው ተነሥቶ ወደ ፈረሱ አንገት ይወረወር፣ የኮርቻው ፊትም የፈረሱን ትከሻ ይወጋ ነበር። አሁን ከኋላ ሁለተኛ ማሰሪያ ጨምሩና ደግማችሁ ሳቡ። ብድግ ማለቱ ይቀራል። ቴክሳሶች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ኮርቻቸው ሁለት የሆድ ማሰሪያ አለው፣ አንዱ ከፊት እግር አጠገብ፣ ሌላው ወደ ኋላ ራቅ ብሎ። ተማሪዎች ሣጥኑን ራሳቸው ቢስቡት ይመረጣል፤ መምህሩ ስቦ ቢያሳያቸው ግማሹ ትምህርት ይቀራል።

ካሊፎርኒያዎቹ ሁለተኛ ማሰሪያ አላሻቸውም። ገመዳቸው እየተንሸራተተ ጉተታውን ስለሚያለሰልስላቸው አንዲቱን ማሰሪያ ወደ ኮርቻው መካከል ስበው አኖሯት። በምትኩ ቀንዳቸውን ለመጠምጠም እንዲመች ረዘምና ወፈር አደረጉት። የቴክሳሱ ቀንድ ግን አጭር ቢሆን አይጎዳም፤ የሚያርፍበት ቋጠሮ ብቻ ነው። በእንጨት ብቻ የተሠራ ቀንድ እንዲህ ያለውን ጉተታ ዘወትር ስለማይችል፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ከእንጨቱ ጋር በብሎን የሚታሰር የብረት ቀንድ እየተለመደ መጣ። በዚያን ጊዜ አንድ ከብት ነጂ ከሩቅ ሲመጣ የኮርቻውን ማሰሪያ ቆጥሮ «ይህስ የቴክሳስ ሰው ነው» ማለት ይቻል ነበር ይባላል።

በዚያው ዘመን፣ በ1859፣ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የተቀበለው የማክሌላን ኮርቻ ቀንድ የለውም። ቀላል፣ መካከሉ ክፍት፣ ለረዥም ጉዞ የታሰበ ነው። ከእንጨትና ከጥሬ ቆዳ መሠራቱ ያው ነው፤ ወታደር ግን ወይፈን አይጠልፍም።

ሱቁና ባለሙያው

የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1865 ካበቃ በኋላ የቴክሳስ ከብት በእግሩ ወደ ሰሜን፣ ወደ ባቡር ጣቢያዎች መነዳት ጀመረ። ሰው በኮርቻ ላይ ወራት የሚያሳልፍበት ዘመን መጣ። ራቁት እንጨት ላይ ጨርቅ ጥሎ መቀመጥ አላዋጣም። ቆዳው ከእንጨቱ ጋር ተሰፋ፣ ጎኖቹ ሰፉ፣ መቀመጫው ሙሉ ሆነ። በከብት መንገዶቹ ላይ ባሉት ከተሞች የኮርቻ ሱቆች ተከፈቱ፤ ሻያን፣ ፑዌብሎ፣ ማይልስ ሲቲ፣ በካሊፎርኒያም ቫይሴልያ የታወቁ ነበሩ። በሻያን የነበረው ፍራንክ ሚኒያ የኋላውን መደገፊያ ጠርዝ ወደ ውጭ አጠፍ አድርጎ በመስፋት ስሙን አስጠራ፤ ያ አሠራር እስከ ዛሬ በከተማዋ ስም ይጠራል።

የከብት ነጂው ደመወዝ በወር ከ30 እስከ 40 ዶላር ሲሆን ጥሩ ኮርቻ የአንድ ወር ደመወዝ ወይም ከዚያ በላይ ያወጣ ነበር። ፈረሱ ብዙውን ጊዜ የአሠሪው ነው፤ ኮርቻው ግን የራሱ። «ኮርቻውን ሸጠ» ከተባለ ሰውየው አለቀለት ማለት ነው።

የባለሙያው ብልሃት የት ላይ ነው? እኛ ብንጠየቅ መቀመጫው ላይ ነው እንላለን። ከላይ ከሚታየው ቆዳ ሥር ሌላ የማይታይ መቀመጫ አለ። ባለሙያው በሁለቱ ጣውላዎች መካከል ያለውን ክፍተት በላዩ ይሸፍንና፣ ጠርዛቸው የሳሳ የቆዳ ቁራጮችን አንዱን በአንዱ ላይ እየለጠፈ፣ እየፋቀ፣ እየዳሰሰ ቅርጽ ያወጣለታል። በጣም ከሰፋ የፈረሰኛው ጭን ይከፈታል፤ ወደ ኋላ ካዘነበለ ሰውየው ወገቡን ይታመማል። ይህን የሚያውቀው መዳፍ ነው እንጂ ሜትር አይደለም። ከዚያ በኋላ የላይኛው ቆዳ፣ በዛፍ ቅርፊት ጭማቂ የለፋ ወፍራም ቆዳ፣ በውኃ ርሶ ይወጠርበታል። አበባ የሚቀረጽበትም በዚሁ እርጥበት ነው፤ በሚሽከረከር ትንሽ ቢላዋ መስመሩ ይሰነጠቃል፣ ዙሪያው በብረት ማኅተም እየተመታ ዝቅ ይላል፣ አበባው ብቅ ይላል። ጌጡ ጥቅም የለውም አይባልም። የተቀረጸ ቆዳ ከልሙጡ ይልቅ ፈረሰኛውን ይይዛል፣ ጭረትንም ይደብቃል።

ባቡርና የፖስታ ካታሎግ ሲስፋፉ ግን ነገሩ ተለወጠ። እንደ ሲርስ ሮባክ ያሉ መደብሮች በሥዕል አስመርጠው ኮርቻ በፖስታ ይልኩ ጀመር። ከባድ የቆዳ መስፊያ መኪናም መጣ። በእጅ ስፌት ሁለት መርፌዎች ከግራና ከቀኝ በአንድ ቀዳዳ ይተላለፋሉ፤ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። የመኪናው ስፌት እንደዚያ አይደለም፤ ቢሆንም ቀጥ ያለ፣ ፈጣንና ርካሽ ነው። መኪናውን የሚራገሙ ጸሐፊዎች አሉ። እኛ አንራገምም፤ ኮርቻ መግዛት ያልቻለ እረኛ በመኪናው ምክንያት ገዝቷል። ጥፋቱ የሚመጣው ችኮላው ወደ እንጨቱም ሲገባ ነው።

ሥራው ሲያልቅ

ጆሴፍ ግሊደን በ1874 የባለ እሾህ ሽቦ የፈጠራ መብቱን አገኘ። ከ1886 እስከ 1887 የነበረው ክረምት ደግሞ በሰሜኑ ሜዳ እጅግ ብዙ ከብት ፈጀ። ሜዳው ታጠረ፣ ረዥሙ ጉዞ ቆመ። ያልተገራ ፈረስ መጋለብና ገመድ መወርወር ቀስ በቀስ ከሥራነት ወደ ውድድርነት ተሻገሩ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሠሪዎች የፊቱን ቅስት ግራና ቀኝ አሳበጡት፤ የፈረሰኛውን ጭን ከሥሩ ቆልፎ እንዲይዝለት ነው። ውድድሩ ሲጦፍ እብጠቱም ተጋነነና ሰውየው ኮርቻው ውስጥ የተወሸቀ እስኪመስል ደረሰ። ፈረስ አብሮት ሲወድቅ ግን መውጫ የለውም። ከዚህም ሌላ በየኮርቻው የሚጋልብ ተወዳዳሪን ማወዳደር ፍትሕ አልሆነም። ስለዚህ በ1919 ገደማ የትልልቆቹ ሮዴዮ አዘጋጆች በአንድ ወጥ ኮርቻ ተስማሙ፤ በፔንድልተን የሚገኘው የሐምሊ ሱቅም ሠራው። በዚህ ዓይነቱ ኮርቻ ላይ ኋላ ቀንዱ ራሱ ተወገደ። ገመድ የለማ! ያለ ገመድ ቀንድ ሆድ መውጊያ ብቻ ነው።

በ1910ዎቹ በአሜሪካ ከ25 ሚሊዮን በላይ ፈረሶችና በቅሎዎች ነበሩ። ትራክተርና መኪና መጥተው በ1960 ቁጥሩ ወደ 3 ሚሊዮን ወረደ። ብዙ የኮርቻ ሱቆችም አብረው ተዘጉ። የተረፉት ወደ ሁለት አቅጣጫ ሄዱ። አንደኛው ጌጥ ነው። ከስዊድን የመጣው ኤድዋርድ ቦሊን በሆሊውድ ለፊልም ተዋንያን በብር የተለበጠ ኮርቻ ሠራ፤ እነዚያ ኮርቻዎች ለሰልፍ እንጂ ለበሬ አልነበሩም። ዶን ኪንግ ደግሞ በዋዮሚንግ፣ በሸሪደን ከተማ ትንንሽ ጽጌረዳዎችን ክብ ክብ በሆነ ሐረግ እያጠላለፈ የሚቀርጽበትን ስልት አስፋፋ፤ ዛሬ በከተማዋ ስም ይታወቃል። ሁለቱን ብናነጻጽር ልባችን ወደ ኪንግ ያደላል፤ አበባው ከቆዳው ከራሱ የወጣ ነው።

ሁለተኛው አቅጣጫ ስፖርቱ ነው። በርሜል ለመዞር ውድድር ቀላል ኮርቻ፣ ከብት ከመንጋ ለመነጠል ጠፍጣፋ መቀመጫና ቀጭን ረዥም ቀንድ፣ ገመድ ለመወርወር ከባድና ጠንካራ። ነጠላ ውድድሩ ላይ ያለው ቀጭን ቀንድ ዛሬ በእርግጥ የእጅ መጨበጫ ነው፤ ስለዚህ በጽሑፋችን መጀመሪያ የተጠቀሰው መልስ ለዚህ አንድ ኮርቻ ልክ ይሆናል። ፈረሱም ተለወጠ። በ1940 የኳርተር ሆርስ ማኅበር ከተመሠረተ ወዲህ ጀርባው ሰፊ፣ ደንዳና ፈረስ ተስፋፋ፤ ለአሮጌው ቀጭን ፈረስ የተጠረበው ጣውላ በአዲሱ ጀርባ ላይ አልተኛም አለ። ስለዚህ ጣውላው ተዘረጋ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጥሬ ቆዳን በፋይበርግላስ፣ እንጨቱንም በፕላስቲክ የሚተኩ ፋብሪካዎች መጡ። የናይለን ጨርቅ ኮርቻም አለ፤ የቆዳው ከ15 ኪሎ በላይ ሲመዝን ይህኛው ግማሹን ያህል ነው። ለልጅና ለሽርሽር ይስማማል። ችግሩ፣ የገዢው ዓይን ከላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው፤ ከሥሩ የተበላሸውን ዋጋ የሚከፍለው ፈረሱ ነው። በእጅ የሚሠራው ኮርቻ አሁን ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል፤ ወረፋውም ረዥም ነው። ሙያው በሠሪዎቹ ሞት እንዳይቀበር በ1998 ኮርቻ ሠሪዎች፣ የብር አንጣሪዎችና ጥሬ ቆዳ ጎንጓኞች አንድ ማኅበር መሥርተው ወጣቶችን ከአንጋፋ ባለሙያ አጠገብ አስቀምጠው ያስተምራሉ።

ገመዱ ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው። ሁለት ፈረሰኞች ሆነው አንድ ወይፈን በሚይዙበት ውድድር ገመዱ በቀንዱ ላይ ይጠመጠማል። ተወዳዳሪው የሚሽቀዳደመው ከሴኮንድ ጋር ስለሆነ ገመዱ እንዳይንሸራተት ቀንዱን በላስቲክ ይጠቀልለዋል። ያ ማለት ምንጭቃው በሙሉ ወደ እንጨቱ ይሄዳል፤ ሠሪውም እንጨቱን አጠንክሮ፣ አክብዶ ይሠራለታል። በኔቫዳ በረሃ ረዥም ገመድ ይዞ የአሠሪውን ጥጃ የሚጠልፈው እረኛ ደግሞ ላስቲኩን አይፈልገውም። ቀንዱን በበቅሎ ቆዳ ይጠቀልልና ገመዱ እየጨሰ እንዲንሸራተት ይተወዋል፤ ጥጃው ቀስ ብሎ ይቆማል፣ የፈረሱም ጀርባ ያርፋል።